ኮከብ ቆጥሮ ቫኪዩም መግዛት

እናቴ ቤት ከመጥረጓ በፊት ወለሉ ላይ በጣቶቿ ውሃ ታርከፈክፍ ነበር። አቧራው ከመሬት ተነሥቶ ቡፌው ላይ፣ ከቡፌው ደግሞ ሳንባችን ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሜሪላንድ መጥቼ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞኬት የተነጠፈበት አፓርታማ ስከራይ ይህ ጥበብ አልሠራልኝም፤ ሞኬት ላይ ውሃ ማርከፍከፍ ጭቃ ማቡካት ነው። ቫኪዩም መግዛት ነበረብኝ። እንደ ዘመኑ ሰው ስልኬን ከፍቼ ኮከብ ቆጠርኩ። አገር ቤት ኮከብ የሚቆጠረው ለጋብቻ ነበር፤ እዚህ ለመጥረጊያም ይቆጠራል። አራት ኮከብ ተኩል ያገኘ፣ ብዙ ሰው ያመሰገነው አንድ ቆንጆ ማሽን መርጬ ገዛሁ። በስምንተኛው ወር የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ብሩሹ ግን ቆሟል። የሠራውን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ኮከባችን አልገጠመም ብቻ ልበል። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ማሽን ምን እንደሆነ፣ ኮከቡንስ ማን እንደሚሰጠው ሳላጣራ ሁለተኛ ላልገዛ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ነገሬ አሜሪካኖቹ አፕራይት ስለሚሉት፣ ቆመን ከፊታችን እንደ ጋሪ ስለምንገፋው ዓይነት ነው። ሞተሩ፣ ማራገቢያው፣ ብሩሹና ቆሻሻ መያዣው በአንድ አካል ላይ ተገጥመው እጀታው ከላይ ይወጣል። ሌላው ትልቅ ወገን ተጎታቹ ነው፤ ሞተሩ መሬት ላይ በጎማ እየተንከባለለ በረጅም ቱቦ ከኋላችን ይከተላል። አብዛኛው የአውሮፓ ዋና ምድር ተጎታቹን ሲወድ አሜሪካና እንግሊዝ የሚገፋውን ሲመርጡ ኖረዋል። ምክንያቱ ምንጣፍ ነው።

ቫኪዩም አቧራ «ይስባል» እንላለን እንጂ በትክክል ሲታይ የሚያደርገው ሌላ ነው። ማራገቢያው በውስጡ ያለውን አየር ወደ ውጭ ሲያባርር የውስጡ አየር ይሳሳል፤ የክፍሉ አየር ክፍተቱን ሊሞላ ሲሮጥ በመንገዱ ያገኘውን ብናኝ ይዞ ይገባል። ለሴራሚክ ወለል ይህ ንፋስ ይበቃል። ሞኬት ግን ጫካ ነው። ከጫማ የረገፈ አሸዋ በክሮቹ መሐል ሰርጎ ሥራቸው ላይ ይቀመጥና በተረገጠ ቁጥር ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ንፋስ ብቻውን እዚያ ድረስ ወርዶ አያወጣውም። ስለዚህ አፕራይቱ አፉ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቺንጋ የሚዞር ብሩሽ አለው። ብሩሹ ክሩን እየመታና እየበጠረ አሸዋውን ያስነሣል፣ ንፋሱ ይቀበለዋል። እኔ ቤት የተበጠሰው ይኸው ቺንጋ ነበር። ቺንጋው የተበጠሰ አፕራይት ሞኬት ላይ ከጩኸት ብዙም አያልፍም።

አቧራን በንፋስ የመያዝ ሐሳብ አንዱ መነሻ ተቃራኒው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ አቧራን በኃይለኛ ንፋስ እየገፋ የሚያባርር መሣሪያ ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ ተመለከተ። አቧራው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ያርፋል፤ እናቴ ውሃ የምታርከፈክፍለት ችግር ማለት ነው። ቡዝ ከዚያ በኋላ ምግብ ቤት ወንበር ላይ መሐረብ አንጥፎ በአፉ አየር ሳበና መሐረቡ ሲጠቁር አየ። እ.ኤ.አ. በ1901 የሠራው ማሽን በፈረስ የሚጎተት ግዙፍ ጋሪ ነበር፤ መንገድ ላይ ይቆምና ቱቦው በመስኮት ወደ ቤት ይገባል። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ መጫኛ የዌስትሚንስተር አቤይን ምንጣፎች ያጸዳው እሱ ነው። ለንጉሥ የሚሆን መጥረጊያ ነበር፤ ለቤት የሚሆን አልነበረም።

ለቤት የሚሆነውን የሠራው መሐንዲስ አይደለም። ጄምስ ሙሬይ ስፓንግለር በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን ከተማ አንድ ትልቅ መደብር የሚያጸዳ፣ ስልሳ ዓመት የተጠጋው ሰው ነበር። አስም ነበረበት፤ የሚጠርግበት መሣሪያ የሚያስነሣው አቧራ ያስለዋል። በ1907 የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ማሽን ሠራ። የትራሱ ልብስ ከረጢት መሆኑ ነው። ዛሬ የምንገፋው አፕራይት ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። በሰኔ 1908 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ብዙ የሚያመርትበት ገንዘብ ግን አልነበረውም። ማሽኑን ቤታቸው ከሞከሩት አንዷ ሱዛን ሁቨር ነበረች። ባሏ ዊሊያም ሁቨር የቆዳ ዕቃና የፈረስ ልባብ ነጋዴ ነው፤ አውቶሞቢል እየመጣ ስለነበር የፈረስ ዕቃ ገበያው አያዛልቅም። መብቱን ገዛው። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ቤት በቫኪዩም መጥረግን በግስ «ሁቨር ማድረግ» ይሉታል፤ የስፓንግለርን ስም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ሁቨር በ1908 መጨረሻ በመጽሔት ያወጣው ማስታወቂያ ለማሽኑ ያህል ያስገርመኛል። ፈላጊው ማሽኑን ቤቱ ወስዶ 10 ቀን በነጻ እንዲሞክር ፈቀደ። ኮከብ የለ፣ የሌላ ሰው ምስክርነት የለ፤ የራስህ ምንጣፍ ይፍረድ ነው ነገሩ።

ዋሽንግተን አካባቢ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፎ፣ ማታ ቢሮ ጠርጎ ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ጥቂት አይደለምና የስፓንግለር ሙያ ለኛ ሰው ባዕድ አይደለም። እነሱን ስለ አፕራይት ብትጠይቋቸው ስለ ቀለሙ አያወሩም። ክብደቱን፣ የገመዱን ርዝመት፣ ቺንጋው ቆሞ ሥራ ሳያስፈታ በስንት ደቂቃ እንደሚቀየር ይነግሯችኋል። ማሽኑን ከመግዛቴ በፊት አንዳቸውን ባማክር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

የአዳዲስ ንድፎች ክርክር ባብዛኛው የሚዞረው በዚያች የትራስ ልብስ ዙሪያ ነው። ከረጢት ቀዳዳው ረቂቅ ስለሆነ አየሩን አሳልፎ አቧራውን ያስቀራል፤ እየሞላ ሲሄድ ግን ቀዳዳው ይደፈንና ንፋሱ ይደክማል። በ1970ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን የቤቱ ቫኪዩም እንዲህ ሲደክምበት እንጨት መሰንጠቂያ ላይ ያየው ትዝ አለው፤ እዚያ ሰጋቱራው ከአየር የሚለየው በሾጣጣ ማማ ውስጥ እንደ አውሎ ነፋስ እየተሽከረከረ ነው። አየሩ በፍጥነት ሲዞር ክብደት ያለው ብናኝ ወደ ግድግዳው ይወረወርና ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ለቤት መጥረጊያ ለማሳነስ 5,127 ናሙና ሠራሁ ይላል። በጃፓን የተሸጠው፣ ሮዝ ቀለም ተቀብቶ፣ በ1986 ነው፤ በራሱ ስም እንግሊዝ ውስጥ የወጣው አፕራይት ደግሞ በ1993። ቆሻሻ መያዣው ብርሃን የሚያሳልፍ ነበር። የራሱን ጉድፍ ማየት የሚፈልግ ማን አለ ብለው የመከሩት እንደነበሩ ዳይሰን ያወራል። ሰው ግን ማየት ወደደ። እኔም እወዳለሁ፤ የጠረግኩትን ሳየው የጠረግኩ ይመስለኛል።

ክፋቱ የሚመጣው ሲደፋ ነው። ከረጢት የሌለው ማሽን ቆሻሻ ቅርጫት ላይ ሲገለበጥ የተሰበሰበው አቧራ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ አስም ያለበት ሰው ከስፓንግለር መከራ አልወጣም ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት አፉ የሚታሸግ ከረጢት ይሻላል ባይ ነኝ፤ የከረጢቱ ወጪ ቢኖርም። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የሚያክል ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል፤ ነገር ግን የማሽኑ አካል በየመገጣጠሚያው የሚያፈስ ከሆነ አየሩ ማጣሪያውን ዞሮ ይወጣል። ሳጥኑ ላይ «ሄፓ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ መደሰት አይገባም።

ሌሎቹን ንድፎች በአጭሩ ልለፋቸው። በመንኮራኩር ፋንታ በኳስ ላይ የሚጠማዘዝ አፕራይት በ2005 መጣ፤ የሶፋ እግር ለመዞር በእርግጥ ይመቻል። ቆሻሻ መያዣውና ሞተሩ ከብሩሹ ተለይተው በእጅ የሚያዙበት ደግሞ ደረጃ ላለበት ቤት ነው። ፊቱ ላይ መብራት ያለው እንደ መኪና ሲያበራ ብስቅም፣ ብርሃን በዝቅታ ሲያርፍ ያላየሁትን አቧራ አሳይቶኛል። ፀጉር የማይጠመጠምበት ብሩሽ ሹሩባ የሚሠሩ ሴት ልጆች ላሉበት ቤት ጌጥ አይደለም፤ እህቴ ቤት ብሩሹን በመቀስ ስንቆርጥ አምሽተን እናውቃለን። ባለባትሪው ቀጭን ማሽን ገበያውን ስለወሰደው ዳይሰን ራሱ በ2018 አዲስ ባለገመድ ቫኪዩም መቀየሱን ማቆሙን አስታውቋል። ባትሪ ግን እንደ ስልካችን ያረጃል፤ ገመድ አያረጅም።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል? ሻጭ ዋት ይጠራል። ዋት ማሽኑ የሚበላውን መብራት ይነግረናል እንጂ የሚያነሣውን አሸዋ አይነግረንም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት በላይ የሚበላ ቫኪዩም ገበያ እንዳይገባ ከለከለ፤ በ2017 ጣሪያውን ወደ 900 አወረደው። ከዚሁ ጋር በየማሽኑ ላይ ደረጃ የሚያሳይ ምልክት ተለጠፈ፤ ምን ያህል መብራት ይበላል፣ ምንጣፍና ጠንካራ ወለል ላይ ምን ያህል ያነሣል፣ ምን ያህል አቧራ መልሶ ያወጣል፣ ምን ያህል ይጮኻል የሚል።

ፍተሻው ግን የሚደረገው መያዣው ባዶ ሆኖ ነበር። ዳይሰን ከሰሰ። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ቤቱን በባዶ ከረጢት ብቻ የሚጠርግ ሰው የለም፣ ከረጢት ሲሞላ የሚደክመው ማሽን ባዶ ሆዱን ተፈትኖ ከማይደክመው ጋር እኩል ደረጃ ያገኛል። ለደንቡ የተከራከሩት ደግሞ በተሞላ መያዣ መፈተን በየላቦራቶሪው ተመሳሳይ ውጤት አይሰጥም አሉ። በ2015 ዳይሰን ተረታ፤ በ2017 የኅብረቱ የበላይ ፍርድ ቤት ነገሩ እንደገና ይታይ አለ፤ በኅዳር 2018 የምልክቱ ደንብ ተሰረዘ። ከሳሹ ከረጢት የማይሸጥ ነጋዴ መሆኑን አልረሳሁም፤ ለገበያው ነው የተሟገተው። ቢሆንም እውነት ነበረው።

የኮከቡም ጉዳይ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ገዢው ኮከብ የሚሰጠው ሳጥኑን በከፈተ በቀናት ውስጥ፣ ቺንጋው አዲስ፣ ማጣሪያው ንጹሕ፣ መያዣው ባዶ ሳለ ነው። የቀደመውን አሮጌ ማሽኑን እያሰበ ይደሰታል፤ አምስት ይሰጣል። በጣም የተናደደው አንድ ይሰጣል። መካከለኛ ሆኖ ያገኘው ዝም ይላል። በ2016 ሦስት ተመራማሪዎች በ120 ምድብ ያሉ 1,272 ዕቃዎችን የገዢዎች ኮከብ ዕቃ የሚፈትነው ድርጅት ኮንሱመር ሪፖርትስ ከሰጣቸው ነጥብ ጋር ሲያስተያዩ ሁለቱ የሚቀራረቡት በጥቂቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውና የስሙ ዝና ኮከቡን ያዘነብለው ነበር። ነጻ ዕቃ ተሰጥቶት የሚያመሰግነውንና የሌለ ገዢ ሆኖ የሚጽፈውን ስትጨምሩበት ነገሩ ይከፋል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መሸጥና መግዛትን የሚከለክል ደንብ በሥራ ላይ ያዋለው በጥቅምት 2024 ነው፤ ትናንት ማለት ይቻላል።

ኮንሱመር ሪፖርትስ ከ1936 ጀምሮ ማስታወቂያ ሳይቀበል፣ ዕቃውን ከሱቅ እየገዛ የሚፈትን ድርጅት ነው። አፕራይትን ሲፈትን የተመዘነ አሸዋና ታልክ ምንጣፍ ውስጥ ያሰርጋል፣ ማሽኑን በተወሰነ ቁጥር ያመላልሳል፣ ስንቱ እንደወጣ በሚዛን ያያል። ስለ ቆይታም ብዙ አባላቱን ይጠይቃል። ከኮከብ ይልቅ ይህን አምናለሁ። ላቦራቶሪ ግን የኔን ደረጃ አይወጣም፣ የእህቴን ልጆች ሹሩባ አያውቅም። ለዚህ የገዢዎች አስተያየት ይጠቅማል፤ አማካዩን ትቼ ሦስት ኮከብ የሰጡትን፣ በተለይ «ከአንድ ዓመት በኋላ» ብለው የሚጀምሩትን አነባለሁ። ሦስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው ባብዛኛው ማሽኑን ኖሮበታል።

ለዘመድ እልካለሁ ለምትሉ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ የሚገዛው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ለዚያ ኃይል የሚሆን ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድ ነው። ገንዘቡን ልካችሁ እዚያው ቢገዙ ይሻላል።

የኔን ማሽን አልጣልኩትም። ቺንጋውን በጥቂት ዶላር ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት፤ አሁን ሦስት ዓመት አልፎታል፣ እኔም ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። እናንተም ኮከብ የምትሰጡ ከሆነ እባካችሁ የመጀመሪያው ቺንጋ እስኪበጠስ ታገሡ።