ከካትሪና በኋላ ቤቱን መልሶ መሥራት የቻለው ማነው?

ሰሞኑን የስፓይክ ሊን «ዌን ዘ ሌቪስ ብሮክ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም አብረን አይተን ተወያይተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በኤችቢኦ የታየ፣ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው። ያከራከረን ጥያቄ አንድ ነው፦ ኒው ኦርሊንስን ያጠፋት ተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው?

ለማስታወስ ያህል፣ ሃሪኬን ካትሪና ሉዊዚያና የደረሰው ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን ያሰጠማት ግን ነፋሱ አልነበረም። ውሃውን አግደው የያዙት የቦይ ግንቦች ተደረመሱና 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው የከተማዋ ክፍል በጎርፍ ተዋጠ። አንዳንዶቹ ግንቦች እንዲያውም ውሃው ጫፋቸው ላይ ሳይደርስ ነው የወደቁት። የገነባቸው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮርም በ2006 የንድፍ ጉድለት እንደነበረ አምኗል። ስለዚህ «አደጋው የመጣው ከላይ ነው» የሚለው ነገር ብዙም አያስኬድም።

ፊልሙ የማይደርስበት፣ እኛ ግን በውይይቱ ብዙ የቆየንበት ጉዳይ «ሮድ ሆም» ይባላል። ቤታቸው ለፈረሰባቸው ባለቤቶች እስከ 150 ሺህ ዶላር የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም ነበር። ጥሩ ይመስላል አይደል? ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። ድጎማው የሚሰላው ከቤቱ የቀድሞ የገበያ ዋጋና ከጥገናው ወጪ ባነሰው ነበር።

እንበልና ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱን ለመጠገን 130 ሺህ ዶላር ያስፈልጋል። የነጮች ሰፈር ያለው ቀድሞ 180 ሺህ ያወጣ ነበር፤ የጥቁሮች ሰፈር ያለው 70 ሺህ። የመጀመሪያው በ130 ሺህ ይሰላለታል፣ ሁለተኛው በ70 ሺህ። ከዚያም ላይ የኢንሹራንስ ክፍያ ይቀነሳል። እንጨትና ሚስማር የሚሸጠው ሰውዬ ደግሞ ሰፈር አይቶ ዋጋ አይቀንስም! የቀረውን 60 ሺህ ከየት ያምጣው?

ጉዳዩ በ2008 ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2011 ከተጎዱት ለተወሰኑት 62 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል በስምምነት ተዘጋ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤት የሌለው ሰው ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ብዙው ሂውስተንና አትላንታ ኑሮ መሥርቷል። ተከራዮችማ ጭራሽ የሚያስታውሳቸውም አልነበረም፤ በ2007 መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት 4,500 ገደማ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች እንዲፈርሱ አጸደቀ። በ2010 ሕዝብ ሲቆጠር ከተማዋ ከ2000 ጋር ሲነጻጸር ከ100 ሺህ በላይ ጥቁር ነዋሪዎች ጎድለዋታል።

ፊልሙን ለማየት ካሰባችሁ በአንድ ምሽት አትጨርሱት፤ አራት ክፍል ስላለው በሁለት ቀን ከፍላችሁ እዩት።