ድንጋይ የመሰከረለት ቤተ መጻሕፍት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ ከ4 ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1765 እ.ኤ.አ.፣ የአልጄሪያን አውራስ ተራሮች ግርጌ ይዞ ሲጓዝ አሸዋ የዋጣት ቲምጋድ የተባለች ከተማ አጋጠመችው። ብቅ ብሎ የሚታየውን የድል በር በንድፍ አስቀርቶ መንገዱን ቀጠለ። ኋላ ከኢትዮጵያ መጽሐፈ ሄኖክን በ3 ቅጂ ወደ አውሮፓ ያሻገረው ይኸው ሰው ነው። ቲምጋድ ላይ ቆሞ ሳለ ግን እዚያው አፈር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ የሚነግረው አልነበረም።

ከተማዋን በ100 እ.ኤ.አ. የቆረቆራት የሮም ንጉሠ ነገሥት ትራያን ነው። ከሦስተኛው አውጉስታ ሌጌዎን በጡረታ ለተሰናበቱ ወታደሮች መኖሪያ እንድትሆን ታስባ ስለነበር መንገዶቿ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በ1881 ቁፋሮ ሲጀምሩ አሸዋው ብዙውን ነገር ጠብቆ አቆይቶላቸው ነበር፤ አደባባዩ፣ መታጠቢያ ቤቶቹ፣ ገበያው ተራ በተራ ወጡ።

20ኛው ክፍለ ዘመን እንደገባ ከዋናው መንገድ ዳር ለየት ያለ ሕንጻ ተገለጠ። ስፋቱ 25 በ24 ሜትር ያህል ነው። ከመንገዱ ሲገቡ በሦስት ጎን ዓምዶች የከበቡት ግቢ አለ፤ ከግቢው ወዲያ ደግሞ ግማሽ ክብ አዳራሽ። የአዳራሹ ግድግዳ ወደ ውስጥ የተሰረጎዱ ባለ አራት ማዕዘን ቦታዎች አሉት፤ መካከል ላይ ያለው ከሌሎቹ ይሰፋል። ምን ይሆን? መቅደስ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነው ቢባልም እንዲሁ።

መልሱ የተገኘው በላቲን ከተቀረጸ ድንጋይ ነው። ማርቆስ ዩልዮስ ኩዊንቲያኖስ ፍላቪዮስ ሮጋቲያኖስ የተባለ የሴናተር ማዕረግ ያለው ሰው ለትውልድ ከተማው በኑዛዜ በተወው 400,000 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ይህ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ ተፈጸመ ይላል። ይህ ከተነበበ በኋላ ግድግዳው ራሱ ትርጉም አገኘ። ስርጉዶቹ የእንጨት ቁምሳጥን የሚገባባቸው፣ በየመደርደሪያው ጥቅልል መጻሕፍት የሚጋደሙባቸው ናቸው፤ ሰፊው የመካከሉ ቦታ ለሐውልት ሳይሆን አይቀርም። ቤቱ 3,000 ያህል ጥቅልል ይይዝ እንደነበር ይገመታል። ከእነዚያ አንድም አልተረፈም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ትራያን ሮም ላይ በስሙ በሚጠራው አደባባይ ዝነኛ ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል፤ ለወታደሮቹ የቆረቆራት ከተማ ግን የራሷን ያገኘችው በ3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወይም በ4ኛው እንደሆነ ይታሰባል፤ ያውም ከገዛ ልጇ ኪስ። በቀደመው የሮም ሕግ 400,000 ሴስተርስ አንድ ሰው ከሴናተሮች ቀጥሎ ወዳለው የፈረሰኞች መደብ ለመግባት ሊኖረው የሚገባው የሀብት ልክ ነበር። ሮጋቲያኖስ ያንን የሚያህል ገንዘብ ነው የከተማው ሰው እንዲያነብበት የተናዘዘው።