የሶሪት ክንፍ

ፈጣሪ ለአእዋፍ ከሰጣቸው ጸጋ ሁሉ ላባን የሚያህል የለም፤ ብርድን የሚከላከል ልብስ፣ አየርን የሚገፋ መሣሪያና ዓይንን የሚማርክ ጌጥ በአንድነት ሆኖ ተገኝቷልና። የወደቀ የክንፍ ላባ አንሥቶ በጣቶቹ የሰነጠቀ ሰው፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ ደጋግሞ ቢያሸው ስንጥቁ ተመልሶ ሲጋጠም ያያል፤ ይህም ከዘንጉ ግራና ቀኝ የበቀሉት ጭረቶች፣ በማጉያ መነጽር ካልሆነ በቀር በማይታዩ ረቂቃን ሜንጦዎች እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ ነው። ወፍ ላባዋን በመንቁሯ ስታስተካክል የምትውለውም ስለዚሁ ነው፤ የተከፈተ ላባ አየር ያሳልፋልና።

ከዚህ ይልቅ የሚመስጠው የቀለሙ ነገር ነው። የብዙ አእዋፍ ሰማያዊነት በላባው ረቂቅ አሠራር የሚበተን ብርሃን እንጂ ቀለም አይደለም፤ በደጋ ደኖቻችን የምትኖረው ሶሪት ግን፣ ክንፏን ስትዘረጋ የምትገልጠው ያ ደማቅ ቅላት እውነተኛ ቀለም ነው። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አርተር ቸርች በ1869 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ይህን ቀለም መርምሮ መዳብ እንዳለበት አስታወቀ፤ መዳብ ያዘለው ይህ ቀይ ቀለም የሚታወቀውም በሶሪትና በዘመዶቿ ላባ ነው።

በድምፅ ረገድ ሶሪት አልታደለችም፤ ጩኸቷ ሻካራ ነው። ሌሎች ወፎች ግን በዜማ ታድለዋል፤ የአእዋፍ ዜማ የሚመነጨው የአየር ቧንቧቸው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች ከሚከፈልበት ሥፍራ ስለሆነ፣ አንዳንዶቹ ዘማርያን ሁለት ቃና በአንድ ጊዜ ያሰማሉ።

ሶሪት የምትኖረው በዛፍ ፍሬ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ በአጥቢያህ የቀረውን ነባር ዛፍ ከመጥረቢያ ጠብቅላት።