የሪሞት መኪና ቦዲ ሲሰበር ምትኩን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከውጭ ሀገር የሚመጣ ዘመድ ለልጆች ከሚይዛቸው ስጦታዎች መካከል በሪሞት የምትሠራ ትንሽ መኪና አንዷ ናት። ደስታዋ ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው። ከደረጃ ስትወድቅ ወይም ከግድግዳ ስትጋጭ በተለምዶ «ቦዲ» የሚባለው የላይኛው ቅርፊቷ ይሰነጠቃል። ሞተሯ ይዞራል፣ ባትሪዋ ይሞላል፣ ለሪሞቷም ትታዘዛለች፤ ያም ሆኖ ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ ወደ ማዳበሪያው ትገባለች።

አርሶ አደር ሞፈሩ ቢሰበርበት ሌላ ሞፈር ይቆርጣል እንጂ ቀንበሩንና ማረሻውን አይጥልም። ለአሻንጉሊቷም የሚያዋጣው ይኸው ልማድ ነው። ችግሩ ልክ የሚሆን ቦዲ ማግኘቱ ላይ ነው፤ ቁልፉም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ልኬቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ያለበት ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት ካልገጠመ ጎማዎቹ ከቦዲው የጎማ ቅስት ጋር እየተፋተጉ መኪናዋን ያቆሟታል። ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተመረተው ቶዮታ ኮሮላ ይህ ርቀቱ 2 ሺህ 600 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ አሥረኛ ሲያንስ 260፣ በአንድ ሃያ አራተኛ 108፣ በአንድ ሃያ ስምንተኛ ደግሞ 93 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ይሁን እንጂ በሒሳቡ ብቻ መተማመን ያሳስታል። አምራቾች አንድን ሻንሲ ለብዙ ዓይነት ቦዲ ስለሚጠቀሙበት ቅርጹን በሻንሲው ልክ ያስረዝሙታል ወይም ያሳጥሩታል። በአንድ አሥረኛ ልኬት የሚሠሩ የአስፋልት መኪኖች በአብዛኛው 257 ሚሊ ሜትር ርቀትና 190 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የቀረበው የጃፓኑ ኪዮሾ ኩባንያ ሚኒ-ዜድ ደግሞ በ90፣ በ94፣ በ98 እና በ102 ሚሊ ሜትር ርቀቶች ይታወቃል። ስለዚህ ስማቸውና ልኬታቸው አንድ ቢሆንም የአንዷ ቦዲ ለሌላዋ ላይገጥም ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነው። በትልልቆቹ ላይ ከሻንሲው የሚነሡ ቋሚዎች በቦዲው ቀዳዳ አልፈው በሽቦ መቆንጠጫ ይታሰራሉ፤ ቀዳዳው እንደ ቋሚው ቦታ ስለሚበሳ ምርጫው ሰፊ ነው። በትንንሾቹ ላይ ግን ቦዲው በብሎን ወይም በፕላስቲክ ጥርስ ስለሚያዝ የሚገጥመው ለዚያው ሞዴል የተሠራው ነው።

እንደ ታሚያና ኪዮሾ ያሉ ኩባንያዎች ቦዲን ለብቻው ይሸጣሉ። መለዋወጫ ለማይወጣላቸው ርካሽ አሻንጉሊቶች ደግሞ የተሻለው መንገድ ሞተሯ የተቃጠለ፣ ቦዲዋ ግን ደኅና የሆነች ተመሳሳይ መኪና ፈልጎ ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው።

ምትክ ካልተገኘ መጠገን ይቻላል፤ አስቀድሞ ግን የፕላስቲኩን ዓይነት መለየት ይገባል። ስስ፣ ተጣጣፊና ቀለሙ ከውስጥ በኩል የተቀባ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት ነው። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና ከውስጥ በኩል መረብና ሲደርቅ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ይደረግበታል። ጠንካራና ወፍራም የሆነው ብዙውን ጊዜ ኤቢኤስ ሲሆን፣ አሴቶን ይህን ፕላስቲክ ስለሚያሟሟው ስብርባሪውን መልሶ ለማያያዝ ያገለግላል። ያው አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ግን ይሰነጣጥቀዋል። በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑም ከእሳትና ከልጆች መራቅ አለበት።

በሦስት አውታር ማተሚያ ቦዲ ማሠራትም ሌላ አማራጭ ነው። በእነዚህ ማተሚያዎች በብዛት የሚሠራበት ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ ግን በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚለሰልስ ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ ቢተው ሊጣመም ይችላል።

በውጭ ለሚኖር ዘመድ «ቀይዋ መኪና ተሰብራለችና ቦዲ ላክልን» የሚል መልእክት አይበቃም። የመኪናዋ ሆድ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር፣ የጎማዎቹ ርቀት፣ ስፋቷ እና ከማስመሪያ ጎን የተነሣ የሻንሲዋ ፎቶ አብረው መላክ አለባቸው። ይህ ካልተሟላ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ቦዲ በመኪናዋ ላይ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፤ የላኪው ገንዘብና የልጁ ተስፋም አብረው ይባክናሉ።