750ው ሰዓት ከየት ይገኛል?

በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ከማውቃቸው ኢትዮጵያውያን ነርሶች ብዙዎቹ እየሠሩ በኦንላይን ማስተርስ መማር ያስባሉ። ሊያማክሩኝ ሲመጡ ስለ ክፍያው፣ ስለ ፈተናው፣ ልጅ እያሳደጉ እንዴት እንደሚጠና ይጠይቁኛል። ስለ ፕሪሴፕተር፣ ማለትም ተማሪውን ክሊኒክ ውስጥ ይዞ ስለሚያሠራው ባለሙያ፣ የሚያነሣ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ የማስቀድመው እሱን ነው።

ታካሚ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ፣ ማለትም ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ለመሆን ፓቶፊዚዮሎጂውንም ፋርማኮሎጂውንም ቤት ቁጭ ብሎ መጨረስ ይቻላል። የርቀት ትምህርት ደካማ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ የኬንታኪው ፍሮንቲየር የተባለ የነርሶች ትምህርት ቤት ከ1989 ጀምሮ አዋላጅ ነርሶችን ከሚኖሩበት ሳይነቅል እያስተማረ ነው። ታካሚ ፊት የሚሠራው ሰዓት ግን በአካል ነው። በ2022 የወጣው አገር አቀፍ መስፈርት ዝቅተኛውን ከ500 ወደ 750 ሰዓት ከፍ አድርጎታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን የሚያሠራውን ባለሙያ ተማሪው ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣ ይተዉለታል። በየክሊኒኩ የሚያውቀው ሰው የሌለው ስደተኛ እዚህ ላይ ይቸገራል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊቱን ሠርታ የወጣች ነርስ መኪናዋ ውስጥ ሆና ለማታውቃቸው ክሊኒኮች ስትደውል አይቻለሁ። ኮርሱን ጨርሳ፣ የሚይዛት ሰው አጥታ ሴሚስተር ያለፈባትም አለች። ይህ አግባብ አይደለም። ገንዘቡን የተቀበለ ትምህርት ቤት ቦታውንም ማዘጋጀት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ያ ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር ከመሆኔ በፊት የታካሚ እግር አብጦ ካገኘሁ በአውራ ጣቴ ተጭኜ አያለሁ፣ ክብደቱን እመዝናለሁ፣ ሳንባውን አዳምጣለሁ፣ ከዚያ ለሐኪም ደውዬ የታዘዝኩትን እፈጽማለሁ። በተማሪነቴ አንድ ቀን ሁለቱም ቁርጭምጭሚታቸው ያበጠ እናት ወደ ክሊኒኩ መጡ። ያየሁትን ዘርዝሬ ስጨርስ ፕሪሴፕተሬ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ “እሺ፣ ምን ታዣለሽ?” አለችኝ። ውሃ የሚያወጣ መድኃኒት ልጨምር? ኩላሊታቸውስ? ፖታሲየማቸውስ? ሳንባቸው ንጹሕ ነው፣ ክብደታቸው አልጨመረም፣ ሲተኙ አያፍናቸውም። የመድኃኒታቸውን ዝርዝር እንደገና ሳየው የአምሎዲፒናቸው መጠን በቅርቡ ከፍ ተደርጓል። እግር የሚያሳብጠው እሱ ሊሆን ይችላል። አንብቤዋለሁ፣ በፈተናም መልሼዋለሁ፤ እናትየዋ ዓይን ዓይኔን እያዩ ውሳኔው ከእኔ አፍ ሲጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። “ሌላ መድኃኒት ከመጨመር ይህንን እንቀንስና የደም ግፊታቸውን በቅርብ እንከታተል” አልኩ። ምክንያቴን አስረድቼ እስክጨርስ ጠየቀችኝና፣ “ጻፊው” አለች። ከአሳዋቂነት ወደ ወሳኝነት የተሻገርኩት በእንዲህ ዓይነት ቀናት ነው፤ ይህን የሚያሻግር ቪዲዮ አላየሁም።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ፕሪሴፕተር የሚያገኘው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ትምህርት ቤቱ በምትኖሩበት ስቴት ተማሪ ለማሠራት ፈቃድ እንዳለውም አጣሩ፤ ሜሪላንድ ውስጥ የሚሆነው ቨርጂኒያ ላይሆን ይችላል። ሥራውን ጨርሳችሁ አትተዉት፤ የክሊኒክ ሰዓት ሲጀመር ግን ፈረቃ ቀንሱ፣ እንቅልፍ አጥቶ መድኃኒት ማዘዝ አይለመድምና።

ፈቃድ አውጥታችሁ ልምድ ያካበታችሁ ደግሞ ተማሪ ያዙ። እኔ ከመስከረም ጀምሮ አንዷን ይዣለሁ፤ ክሊኒካችን ለሌላም ቦታ አለው።