ስለ ቴፒ ከተማና ስለ ሕዝቧ ቋንቋዎች

ቴፒ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸካ ዞን፣ በየኪ ወረዳ የምትገኝ የቡና አገር ከተማ ናት። ከእርስዋ ጥቂት መንገድ ሲኬድ የጋምቤላ ክልል ወሰን ይገኛል። ስለዚህም ከሕዝቧ ብዙው በቤቱ አንድ ቋንቋ፣ በገበያ ሌላ ቋንቋ ይናገራል።

የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ሸካቾ፣ ሸኮና መዠንገር ናቸው። ሸካቾ በራሱ ንጉሥ ይተዳደር ነበር፤ አገሩም በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባ። መዠንገር በደን ውስጥ እህል እየዘራ፣ ቀፎውን በዛፍ ላይ እየሰቀለ ይኖር ነበር። በኋላም ቡናው ነጋዴውንና ሠራተኛውን ከየአገሩ ስለ ሳበ አማርኛ የገበያ መግባቢያ ሆነ።

እነዚህ ቋንቋዎች ግን ዘራቸው አንድ አይደለም። ሸክኛና ሸኮኛ ከኦሞ ቋንቋዎች ወገን ሲሆኑ፣ የመዠንገር ቋንቋ ከናይሎ ሰሃራ ወገን ነው። በመዠንገር ቋንቋ ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሚባሉት ድምፆች የሉም። እንግዲህ የመዠንገር ልጅ «ጠራ» ሲል «ተራ» ቢመስል፣ አንደበቱ ስላልለመደው ነው እንጂ አእምሮው ደካማ ሆኖ አይደለም። በሸኮኛም ድምፅ በአራት ደረጃ ከፍና ዝቅ ሲል የቃል ትርጓሜ ይለወጣል፤ እኛ ብንሰማው ግን ሁሉ አንድ ይመስለናል። እንዲሁም «አለ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት እንደ ሆነ እንግዳ ሰው አይለየውም። የማያውቀው ነገር ለሁሉም እኩል ይከብደዋልና።

ይህ ነገር ቀላል መስሎ አይታይ። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒ የአስተዳደርና የወሰን ጥያቄ ግጭት አስነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ። ጥያቄው የቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን የተናቀ ሰው ቂም ይይዛል፤ ንቀትም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት በአነጋገር ሲሳቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ይናገራል።

መምህር ሆይ፣ እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ አስቀድመህ ጠይቅ፤ የሳተውንም ሳታሳፍር አርመው። ሽማግሌዎችም ሆይ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥታችሁ የዛፉንና የንቡን ስም በየቋንቋችሁ ለልጆች ንገሩ። ልጅ የጎረቤቱን ቋንቋ አክብሮ ካደገ፣ ወሰኑ መገናኛ ይሆንለታል እንጂ መለያያ አይሆንበትም።