የዘይት ፊልትሮ ሲመረጥ ከመልኩ ይልቅ ቁጥሩ ይታይ

የመኪናቸውን ዘይት በራሳቸው የሚቀይሩ ብዙዎች አዲስ ፊልትሮ የሚገዙት ከአሮጌው ጋር በዓይን አመሳስለው ነው። ይህ ግን አይበቃም፤ ጥርሱ ልክ የሆነ ፊልትሮ ውስጡ ሊለይ ይችላል። ፊልትሮ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ የሚከፈተው ቫልቭ ግፊቱ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ያለጊዜው ከተከፈተ ያልተጣራ ዘይት የሞተሩን ብረቶች ይሞርዳል። ሞተር ሲጠፋ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ ከደከመ ደግሞ በማግስቱ ማለዳ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ያለ በቂ ዘይት ይሽከረከራል። ስለዚህ የሚመሳከረው በመኪናው መመሪያ ላይ የሰፈረው የዕቃ ቁጥር ነው።

በመግጠም ጊዜ የአሮጌው ጎሚኒ ተጣብቆ አለመቅረቱ ይታይ፤ በላዩ ሌላ ከተደረበ ዘይቱ መንገድ ላይ ተንዠቅዥቆ ሊያልቅ ይችላል። አዲሱ ጎሚኒ ዘይት ተቀብቶ ፊልትሮው በእጅ ብቻ ይጠበቃል።